የግቢ በር ቁልፍ ጅማ ላይ በራስ እጅ መቀየር

የግቢ በር ቁልፍ ሲያስቸግር መርካቶ ወርዶ አዲስ ከመግዛት በፊት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ አለ። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና፣ ተከፍቶ እንደቆመ መክፈቻውን አስገብታችሁ አዙሩ። ምላሱ ሳይጎረብጥ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ከተመለሰ ቁልፉ ጤነኛ ነው። ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋቱ የማጠፊያው፣ የቋሚው ወይም ምላሱ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። እንዲህ ባለ በር ላይ የፈለገውን ያህል ውድ ቁልፍ ብታስሩ እንደ አሮጌው ይሰበራል። ተበላሹ ተብለው ሲፈቱ ካየኋቸው ቁልፎች ብዙዎቹ ምንም አልነካቸውም ነበር።

ጅማ ላይ ይህ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ቀዩ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ ሥሩ በቂ ኮንክሪት ያልተሞላለት ቋሚ በበሩ ክብደት ይዘማል። ማጠፊያውም ግሪስ ካላገኘ ፒኑ እየተበላ ክንፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ያኔ ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ የታችኛውን ጠርዝ ይገፋል፤ ሰው ደግሞ መክፈቻውን በጉልበት ያዞራል፤ መክፈቻው ይጣመማል፣ መክፈቻው የሚገባበት ሲሊንደርም ይበላል።

መዝመሙን ለማወቅ በሩን ዝጉና በቁልፉ በኩል በክንፉና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለኩ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ክንፉ ወርዷል። ሌላው መንገድ አንድ ሰው የክንፉን ጫፍ በዲጂኖ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሲይዝላችሁ መክፈቻውን ማዞር ነው፤ ያኔ ከቀለለ መልሱን አገኛችሁ። ተነቃይ ማጠፊያ ከሆነ ክንፉን ሁለት ሰው ሆናችሁ አንሱና በፒኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ጠፍጣፋ ብረት) ጨምሩ፣ ግሪስ ቀቡ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ። ቋሚው ራሱ ከዘመመ ግን ሥሩን ቆፍሮ አቅንቶ ኮንክሪት መሙላት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ባለ ሁለት ክንፍ በር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር እዩ። ቁልፍ የሌለበት ክንፍ ከታች መሬት ውስጥ በሚገባ መወርወሪያ ነው የሚቆመው። የመወርወሪያው ጉድጓድ በጭቃ ከተሞላ ብረቱ ጫፉን ብቻ አስገብቶ ይቀራል፤ ክንፉም ይወዛወዛል፣ የቁልፉ ምላስ በየቀኑ ይንገላታል። ጉድጓዱን ጠርጉና 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ቱቦ ቅበሩበት፤ ከሥሩ አንድ ጭብጥ ጠጠር አድርጉለት፣ ውሃው ይሰርግበታል። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር በሩ አልዘጋ የሚላቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ቁልፉ ራሱ ከሆነ የሞተው፣ እንቀጥል። በአማርኛችን በሩ ላይ የሚታሰረውንም በኪስ የሚያዘውንም ቁልፍ ስለምንል፣ እንዳይምታታ የበሩን ቁልፍ፣ የኪሱን መክፈቻ እላለሁ። ሱቅ ስትገቡም እንዲህ ለይታችሁ ንገሩት።

በግቢ በሮቻችን ላይ በብዛት የምታገኟቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከበሩ በስተውስጥ ላሜራው ላይ በአራት ብሎን የሚታሰር ሳጥን ነው፤ ከውጭ የሚታየው ክብ ሲሊንደሩ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቱቦላሬው (የበሩ ፍሬም የሆነው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተቦርቡሮ ውስጡ የሚቀበር ጠባብና ረጅም ቁልፍ ነው፤ በሁለቱም ወገን እጀታ አለው፤ ሲሊንደሩም ላዩ ክብ ታቹ ጠበብ ያለ ሆኖ ከውስጥም ከውጭም መክፈቻ ይቀበላል።

መክፈቻ ጠፍቶ ወይም ሠራተኛ ተቀይሮ ከሆነ ሙሉ ቁልፍ አትግዙ፤ ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር ይበቃል። በሚቀበረው ዓይነት ይህ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። በክንፉ ጠርዝ ላይ ባለው ረጅም ሳህን፣ በሲሊንደሩ ትክክል፣ አንድ ብሎን ብቻውን ታገኛላችሁ። በካቻቪቴ ሙሉ በሙሉ አውጡት፤ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚረዝም አለቀ ብላችሁ መሃል ላይ አትተዉት። ከዚያ መክፈቻውን አስገቡና እንደ ሰዓት ቆጣሪ አስቡት፤ ቀጥ ብሎ 12 ላይ ከሆነ ወደ 11 ወይም ወደ 1 ትንሽ አዙሩት። በሲሊንደሩ መሃል የምትዞር አንዲት ጥርስ አለች፤ እሷ ከአካሉ ጋር ስትገጥም ሲሊንደሩ ያለ ትግል በእጅ ይንሸራተታል። አልወጣም ካለ ጥርሷ አሁንም ወጥታ ነው፤ መክፈቻውን ጥቂት ወዲያና ወዲህ አድርጉ እንጂ በመዶሻ አትምቱ። አዲሱም የሚገባው በዚያው መንገድ ነው።

ሲሊንደር ስትገዙ ርዝመቱን የምትለኩት ከብሎኑ ቀዳዳ መሃል ወደ እያንዳንዱ ጫፍ ነው። 30 በ30 ማለት በሁለቱም ወገን 30 ሚሊ ሜትር፣ በድምሩ 60 ማለት ነው፤ 30 በ40 ደግሞ አንዱ ወገን ይረዝማል። ጠቅላላውን ብቻ ለክታችሁ 70 ስጠኝ ብትሉት 35 በ35 ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ያኔ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው ይጎድላል። በስተውጭ ከሽፋኑ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ይህ ለውበት የተባለ አይደለም። የሲሊንደር ደካማ ቦታ ብሎኑ የሚያልፍበት መሃሉ ነው፤ ጫፉ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ለሁለት ይሰበራል።

ሙሉ ቁልፍ ለመቀየር ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው፤ እስክትመለሱ በሩን በሰንሰለትና በጓጉንቸር እሰሩት። ያ ካልተመቻችሁ የፓስታ ካርቶን ቆርጣችሁ ቁልፉ ላይ ለጥፉ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሳሉ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በምስማር ውጉበት። ሦስት ልኮች በሚሊ ሜትር ጻፉ፦ ከክንፉ ጠርዝ እስከ ሲሊንደሩ መሃል፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ እጀታ ካለው ደግሞ ከእጀታው መሃል እስከ ሲሊንደሩ መሃል። የመጨረሻው በብዙ ቁልፎች 85 ነው፤ ግን ሌላም ስላለ ሳትለኩ አትመኑ። ለቱቦላሬ የሚሆነው ቁልፍ የመጀመሪያው ልክ አነስተኛ ነው፣ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፤ ለእንጨት በር የተሠራው ቱቦላሬው ውስጥ አይገባም፤ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚሸጡ ተጠንቀቁ።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ የምላሱን አቅጣጫ እዩ። በራሱ የሚዘጋው፣ አንድ ወገኑ ሰያፍ የሆነው ምላስ ማለቴ ነው። ሰያፉ መግጠም ያለበት በሩ ሲዘጋ ከመቃኑ ጋር ቀድሞ የሚነካካው ወገን ላይ ነው። ተገልብጦ ከገባ በሩን ስትገፉት ጭው ብሎ ይመልሳችኋል እንጂ አይዘጋም። ብዙ ቁልፎች ላይ ምላሱን ሳብ አድርጎ ግማሽ ዙር ማገላበጥ ይቻላል፤ የማይገለበጥ ከሆነ የቀኝና የግራ ተብሎ ነው የሚሸጠውና በራችሁ ወዴት እንደሚከፈት ለሻጩ ንገሩት። እዚያው መክፈቻዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ ሞክሩ፤ አምስት ከሆኑ አምስቱንም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሜትር፣ ካቻቪቴ፣ የ10 የዳዶ መፍቻ፣ ትራፓኖ ከ3 እና ከ6.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጋር፣ ጠፍጣፋና ክብ ሞረድ፣ ሴጌቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ አንቲረስት ቀለምና ጠመኔ። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን አራት ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፤ ሁለት ትርፍ ጨምሩ፣ አንዱ ሳር ውስጥ መውደቁ አይቀርም። ከቁልፉ ጋር በካርቶኑ የሚመጡት ብሎኖች ለእንጨት የተሠሩ ስለሚሆኑ አትተማመኑባቸው። እኔ የምመርጠው ጭንቅላቱ እንደ እንጉዳይ ክብና ልሙጥ፣ አንገቱ ባለ አራት ማዕዘን የሆነውን ብሎን ነው፤ ጭንቅላቱ ከውጭ ሲሆን ማንም ካቻቪቴ ሊያስገባበት አይችልም። ለአንገቱ ሲባል ክቡን ቀዳዳ በትንሽ ሞረድ ባለ አራት ማዕዘን ማድረግ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ዳዶውን ስታጠብቁ ብሎኑም አብሮ ይዞራል።

አሮጌውን መፍታት ጅማ ላይ የዝገት ጉዳይ ነው። ከዋዜማው ማታ ዳዶዎቹ ላይ ናፍጣ ወይም የዝገት ማላቀቂያ አንጠባጥቡ። ጠዋት ብሎኑን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ከዚያ ከመፍታታችሁ በፊት ጥቂት አጥብቁት። ወደ ማጥበቂያው ሲነቃነቅ ዝገቱ ይሰበራል፤ መጀመሪያውኑ ወደ መፍቻው በኃይል ብታዞሩት አንገቱ ይቀነጠሳል። ጥርሱ የተበላ የካቻቪቴ ብሎን ከሆነ በሴጌቶ ጭንቅላቱ ላይ አዲስ መስመር ቁረጡለት።

አዲሱ ሳጥን ቀዳዳዎቹ ከአሮጌው ጋር ከገጠሙ ዕድለኞች ናችሁ። ካልገጠሙ፣ በመጀመሪያ ሲሊንደሩን በነበረው ክብ ቀዳዳ አስገቡና ሳጥኑን በቦታው ይዛችሁ ምላሱ ከክንፉ ጠርዝ ጋር እኩል መቆሙን እዩ። የብሎን ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ሳጥኑን አንሱት፣ በእያንዳንዱ ምልክት መሃል ላይ በወፍራም ምስማርና በመዶሻ ነጥብ ምቱ። ያለ ነጥቡ ፑንታው ቀለም ላይ ተንሸራቶ በሩን ይቧጭራል፣ ቀዳዳውም ይስታል። በ3 ሚሊ ሜትሩ ጀምሩ፣ በ6.5 ጨርሱ፤ ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፣ አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይኑር። ብረት በፍጥነት ስትበሱት ፑንታው ይግላል፣ ይዶለዱማል። መነጽር አድርጉ፣ የሹራብ እጅጌ አታንጠልጥሉ። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመዱን ጭቃ ላይ አታስነጥፉ፤ ዝናብ ካረገዘ ሥራውን ለነገ ማሳደር ይሻላል።

ሳጥኑ ቦታው ላይ እያለ በፍጹም አትብሱ። የብረት ፍቅፋቂው ገብቶ ግሪሱ ላይ ይጣበቅና አዲሱ ቁልፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጎረብጣል።

የበሳችሁበትን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱና ብሎን ከማስገባታችሁ በፊት አንቲረስት ቀቡት፣ ይድረቅ። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። የተበሳ ላሜራ ጠርዙ እርቃኑን ነው፤ በእኛ እርጥበት ዝገቱ ከብሎኑ ሥር ተነስቶ በቀለሙ ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቀዳዳው ሰፍቶ ሳጥኑ ይላላል።

አሁን ወደ ማሰሩ። የበር ላሜራ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሎን ሲጠብቅበት ይሰረጉዳል፣ ሳጥኑንም አብሮ ያጣምመዋል። ሳጥኑ ሲጣመም ምላሱ ይነክሳል። ለዚህ መፍትሔው በላሜራውና በሳጥኑ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ማስገባት ነው፤ የሳጥኑን ያህል ስፋት ይበቃዋል። ብሎኑ በቱቦላሬ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በባዶው መሃል ቁራጭ ቀጭን ቱቦ እንደ እጀ ጠባብ አልብሱት፤ ያለዚያ ስታጠብቁ ቱቦላሬው ራሱ ይጨመደዳል። አራቱንም ዳዶዎች መጀመሪያ በእጅ አስይዙ፣ ከዚያ በማዕዘን እየተሻገራችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ መክፈቻውን አዙሩት። መክፈቻው የከበደው አንዱን ብሎን ስታጠብቁ ከሆነ ያ ብሎን በዝቶበታል፤ ግማሽ ዙር መልሱለት። ብሎኑ ከዳዶው ሁለት ሦስት ጥርስ ያህል ብቻ ይውጣ፤ ረዝሞ የሳጥኑን ውስጥ ከነካ የማርሹን መንገድ ይዘጋል።

የምላሱ መግቢያ ከቁልፉ እኩል ክብደት አለው። ምላሱን ጫፉን በድስት ቂጥ ጥቀርሻ ወይም በጠመኔ ቀቡት፣ በሩን ዝጉ፣ መክፈቻውን አንድ ጊዜ አዙሩና መልሱ፣ ክፈቱ። መቃኑ ላይ ምልክቱ የት እንዳረፈ ያሳያችኋል። ምልክቱ በቀዳዳው መሃል ሆኖ በዙሪያው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ክፍት ቢተርፍ ጥሩ ነው፤ ከታች በኩል ግን ትንሽ ሰፋ ይበል፣ በሩ ነገ መውረዱ አይቀርምና። እስከ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ያለውን ስሕተት ቀዳዳውን በሞረድ በማስፋት ታቃናላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ መግቢያው ተነስቶ በቦታው መበየድ አለበት። ምላሱ ወደ ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ይግባ፤ ክንፉና መቃኑ ተራርቀው ምላሱ ጫፉን ብቻ ካስገባ በሩ በትከሻ ግፊት ይከፈታል፤ እንዲህ ከሆነ መቃኑ ላይ ጠፍጣፋ ብረት አስበይዳችሁ ክፍተቱን አጥቡት።

ብየዳውን ለበያጅ ስጡ፣ ግን እሱ ከመጀመሩ በፊት ቁልፉን ከነሲሊንደሩ ፍቱና አርቁት። ሙቀቱ የውስጡን ስፕሪንግ ያላላዋል፣ ግሪሱን ያቃጥለዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጨርቅ እሸፍንበታለሁ ቢላችሁም አትስሙት። ሲጨርስ ድምድሙን አስፈግፍጉና በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡ፤ የተበየደ ባዶ ብረት በጅማ ጤዛ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ቡናማ ይሆናል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላም በሩን ለመዝጋት አትቸኩሉ። ተከፍቶ እንዳለ በሁሉም መክፈቻዎች አሥር አሥር ጊዜ ሞክሩ። ከዚያ አንድ ሰው በውስጥ፣ አንድ ሰው በውጭ ሆኖ ዝጉ፣ በውስጡ ማንሻ ክፈቱ፣ ከውጭ በመክፈቻ ክፈቱ። ሰው ሁሉ ውጭ ሆኖ አዲስ ቁልፍ መሞከር አጥር ለመዝለል መዘጋጀት ነው። ከውጭ እጅ አስገብታችሁ የምትከፍቱበት ቀዳዳ ላሜራው ላይ ካለ፣ እጁ ወደ አዲሱ ቁልፍ ማንሻ መድረስ አለመድረሱንም በዚህ ጊዜ እዩ፤ የሚደርስ ከሆነ ቀዳዳውን በላሜራ ድፈኑት፣ ያለዚያ አዲሱ ቁልፍ ጌጥ ነው።

ለዝናቡ፣ ከሲሊንደሩ በላይ የመኪና የውስጥ ጎማ ቁራጭ በሁለት ትናንሽ ብሎን አንጠልጥሉ፤ መክፈቻ ስታስገቡ የምትነሳ፣ ስትለቋት የምትወርድ ትሁን። ከቆርቆሮ ክዳን ይልቅ ጎማ ይሻላል፤ አይዝግም፣ ነፋስም ሲመታው አይንኳኳም።

ሲሊንደር ውስጥ የምግብ ዘይት ወይም ግሪስ አታስገቡ። ሲፈስበት ይለሰልሳል፣ በበጋ ግን ቀይ አቧራው ይጣበቅበትና ሙጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ፒኖች አይወርዱም፣ መክፈቻውም ግማሽ ገብቶ ይቆማል። ለሲሊንደር የሚሆነው ደረቅ ነገር ነው፤ የእርሳስ ጥቁሩን በምላጭ ፍቃችሁ ዱቄቱን በመክፈቻው ጥርስ ላይ ነስንሱና አሥር ጊዜ ያህል አስገቡ አውጡ። ግሪስ ለምላሱ ጎንና ለማጠፊያው ነው። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ አድርጉ፣ አንዴ የካቲት ላይ ዝናቡ ሳይጀምር፣ አንዴ ኅዳር ላይ ካባራ በኋላ።

መክፈቻ ስታስቀርጹ ከመጀመሪያው ኦሪጅናል እንጂ ከተቀረጸው አታስቀርጹ። እያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ስሕተት ይጨምራል፤ የሦስተኛ ቅጂ ቅጂ ሲሊንደሩን እየጋጠ ነው የሚከፍተው። አንዱን ኦሪጅናል ሳትነኩት ቤት ውስጥ አኑሩት።

ከሳምንት በኋላ ወደ በሩ ተመለሱ። አዲስ የታሰረ ዳዶ ላሜራው ሲረጋጋ ጥቂት ይላላልና አራቱንም በ10 መፍቻ ያዝ ያዝ አድርጓቸው። ጠመኔውንም ምላሱ ላይ እንደገና ቀቡና ምልክቱ የሚያርፍበትን ካለፈው ጋር አስተያዩ። ወደ ታች ወርዶ ካገኛችሁት ቁልፉን ተዉትና ማጠፊያው ላይ ሮንዴላ ጨምሩ።